ምን ትዋብ! የአንድ ብርቅ ስም ዳሰሳ

ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ስሙ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ምንተ…» አለች። መልሳ «ምንትዋ…» አለችና ቀና ብላ ሰልፈኛውን አየች። ጠዋት ነው፤ ጤና ጣቢያው በሰው ተሞልቷል። ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «እኔ ነኝ ልጄ። ‹ምን ትዋብ› ብለሽ ለሁለት ክፈይው፣ ይቀልልሻል» አሏት። ልጅቷ እንዳሏት ለሁለት ከፍላ አነበበችው። ከዚያ ፈገግ አለችና ደገመችው። በሁለተኛው ጊዜ ከወረቀት የምታነበው አይመስልም ነበር፤ ከልቧ ያደነቀች ትመስል ነበር።

ወረፋችን እስኪደርስ ስንጫወት ቆየን። ሰባ ስንት ዓመት ሲኖሩ አንድም ሞክሼ ገጥሟቸው አያውቅም። «ውቢት ሞልታለች፤ ተዋበችም ሞልታለች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ» አሉኝ። ይህ ስም ከየት መጣ፣ ለምንስ ብቻውን ቀረ የሚለው ጥያቄ ከዚያን ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም።

ከስሙ እንጀምር። ምንትዋብ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም የአድናቆት። «ምን» መጠየቂያ ብትሆንም እዚህ የምትጠይቀው ነገር የላትም። «ምን ያለ ቀን ነው!» ስንል እንደምናደርገው ታደንቃለች። «ትዋብ» ደግሞ «ተዋበ» ከሚለው ግሥ የወጣች፣ «ትዋባለች» የምትለውን ቃል ሥራ የምትሠራ ናት። ባንድ ላይ «ምንኛ ውብ ናት!» ይላሉ። «ምንት» በግእዝ «ምን» ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስሙን «ምንት» እና «ዋብ» ብሎ ሊከፍለው ይቃጣው ይሆናል። እንዲያ ሲከፈል ግን ሁለተኛው ቁራጭ ትርጉም አጥቶ ይቀራል። ግእዝ ውበትን «ላሕይ» ወይም «ሥን» ይለዋል፤ ይህ ስም ግን ከነአጥንቱ አማርኛ ነው።

አማርኛነቱ ግን የዛሬ አይደለም። ዛሬ ማንም ሰው «ልጅቷ ትዋብ» ብሎ ንግግሩን አይዘጋም፤ «አለች» የምትለዋ ጭራ ካልተጨመረች ነገሩ ተንጠልጥሎ የቀረ ይመስለዋል። የድሮው አማርኛ ያለዚያች ጭራ ይናገር ነበር። ቅሪቱን በየቀኑ አፋችን ላይ እናገኘዋለን፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን እንጂ «ያስራል» አንልም። የሰው ስምም ይህንኑ ቅሪት ይዞ ቆይቷል። የአፄ ቴዎድሮስ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ይባሉ ነበር። «አትጠገብም» ማለት ነው፤ በዛሬው አነጋገር የግድ የምትመጣዋ «ም» ግን የለችበትም። አትጠገብና ምንትዋብ የአንድ ዘመን ሰዋስው ልጆች ናቸው። ተረትና ምሳሌ እንደ ሙዚየም አሮጌ ቋንቋን ያስቀምጣል ይባላል፤ የእናቶቻችን ስም ግን ያንን ቋንቋ ውኃ ሲቀዳበትና ሲታማበት፣ ሲጠራበትም ነው ያቆየው። ለእኔ ይህ ይበልጥብኛል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። አብዛኛው የሴት ስማችን ከልጅቷ ጋር ነው የሚያወራው። በላይነሽ፣ ወርቅነሽ፣ ጥሩነሽ፣ ማንያህልሻል። ስም አውጪው ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ብሎ «አንቺ እኮ» ይላታል። ሌላው ወገን የሆነውን ይተርካል፤ ዘነበች፣ አሰለፈች፣ ተዋበች። ምንትዋብ ከሁለቱም ወገን አይደለችም። ተናጋሪው ሕፃኗን እንደታቀፈ ቀና ብሎ በዙሪያው ላሉት ነው የሚናገረው፤ «እዩልኝ እስቲ፣ ምን ትዋብ!» ይላል። ስሙ ውስጥ የሚሰማ ሦስተኛ ሰው አለ። ገንፎ ሊበሉ የገቡ ጎረቤቶች፣ እልል ብለው ገና ያልተቀመጡ ሴቶች፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚያፍር አባት። በአንዲት ቃል የአራስ ቤት ሙሉ ሰው ገብቶበታል።

ስሙን ከታሪክ ጋር ያጣበቁት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ትውልዳቸው ቋራ ነው። የአፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1730 አፄ በካፋ ሲያርፉና ገና ሕፃን የነበረው ልጃቸው ኢያሱ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ እሳቸውም ዘውድ ጫኑ። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እስከ 1755፣ ከዚያም የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ እስከ 1769 ሲነግሡ፣ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የጎንደርን ቤተ መንግሥት ጉዳይ ከእሳቸው ነጥሎ ማየት አይቻልም።

እኚህ ሴት ሦስት ስም ነበራቸው፤ ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት የአገሩን የስም ሥርዓት ከነሙሉነቱ ማየት ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ካህኑ የሚሰጣት፣ ከዚያ በኋላ በቅዳሴና በፍትሐት ካልሆነ ብዙ የማይነሣ ስም። ሲነግሡ የወጣላቸው ብርሃን ሞገሳ ነው፤ «ሞገሷ ብርሃን» የሚል ግእዝ። የዓለም ስማቸው ምንትዋብ ሆነ። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግእዝ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ግእዝ መካከል «ምን ትዋብ» የምትል የአማርኛ ቃል ስትመጣ፣ ማኅሌት በሚቆምበት ቤተ መቅደስ የገበያ ሴት ድምፅ ብቅ ያለ ያህል ነው። የክርስትናው ስም የቤተ ክርስቲያን ነው፣ የመንግሥቱ ስም የዙፋኑ ነው። ምንትዋብ ብቻ የእናት ቤት ነው።

ልጆቻቸውን ስንጨምር ሥዕሉ ይሞላል። ከበካፋ ሞት በኋላ ከተወለዱላቸው ሴቶች ልጆች መካከል አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ ይገኛሉ። አስቴር ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው፣ ወለተ እስራኤል የክርስትና ስም ነው፣ አልጣሽ ደግሞ ከእናት አንጀት የወጣ ጸሎት ነው። «አንቺን አልጣ» ይላል። አልጣሽ ለልጅቷ ይናገራል፣ ምንትዋብ ስለ ልጅቷ ይናገራል፤ ሁለቱ የእናትና የልጅ ስም መሆናቸው ደስ ይለኛል።

ስለ አመጣጡ አንድ የሚያምር ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባውና እቴጌይቱን በአካል ያወቃቸው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ አፄ በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው ቋራን ሲያቋርጡ ንዳድ ጣላቸው። ከአንድ ባላገር ቤት ተኝተው የቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው፤ ድነው ሲመለሱ ልከው አገቧት። ከዚህ ተነሥቶ ንጉሡ ከትኩሳቱ ሲነቁ ዓይናቸው ያረፈባትን አይተው «ምን ትዋብ!» አሉ ብሎ ማሰብ ይቀናል። እኔ ግን ስሙን ለንጉሡ ለመስጠት እጄ አይፈታም። በዚያ አገር ስም ለአንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ሊወጣላት ይችላል፤ አንዴ ስትወለድ፣ ሌላ ጊዜ ስትዳር አማቷ ለምራቷ የምታወጣላት። በሁለቱም ጊዜ ስም አውጪዋ ከሴቶቹ ወገን ልትሆን ትችላለች። ብሩስ ራሱ ከስማቸው ይልቅ «እቴጌ» እያለ ነው የሚያወሳቸው። ማዕረጉ ስሙን ሸፈነው።

በድንጋይ ግን ቆየ። በፋሲል ግቢ ውስጥ ዛሬም የምንትዋብ ግንብ የሚባለው አለ፤ ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስሙም አብሮ ተመዘገበ ማለት ነው። እቴጌይቱ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን አሠሩ፤ ስሙ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብጹ ደብረ ቁስቋም የተወሰደ ነው። እዚያው በፈረሰው ቤተ መንግሥታቸው ግድግዳ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም ይታያሉ። ጣና ላይ በናርጋ ሥላሴ ሥዕል ውስጥ ደግሞ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1773 አርፈው ቁስቋም ተቀበሩ። በ1888 የሱዳኑ ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብራቸውም ከተቃጠሉት አንዱ ነበር። ስሙ ይህን ሁሉ አልፎ መጥቷል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ስም፣ በእንዲህ ያለች ንግሥት ተጠርቶ፣ በየመንደሩ መሙላት አልነበረበትም? የስሞችን ዝና ለመለካት ሌላው አገር መዝገብ ይከፍታል። የአሜሪካው የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1880 ወዲህ ለተወለዱ ልጆች የወጣውን ስም በየዓመቱ ለይቶ ያወጣል። በእኛ አገር የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተወለደችው ሴት ስሟ የሚገኘው በክርስትና መዝገብ፣ በትምህርት ቤት ስም መጥሪያ፣ በእድር መዝገብና በመቃብር ድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ የእኛ መለኪያ ጆሮ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ስንት ሰው ዘወር ይላል የሚለው። በዚህ መለኪያ ምንትዋብ ሁልጊዜም ጥቂት ሰው ያዞረ ስም ነው።

ለምን? ሰው ከሚሰጠው መልስ አንዱ ዓይን ነው። ልጅን አፍ አውጥቶ ማድነቅ ለቡዳ ዓይን ያጋልጣታል፤ ስለዚህ ወላጅ እንዲህ ያለውን ስም ይሸሻል ይላሉ። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ለዚህ ምክንያት ግን ብዙ ቦታ አልሰጠውም። ዓይን ቢሆን ኖሮ ውቢት፣ ውብነሽና ውባለም ከየት መጡ? ሁለተኛው መልስ የንግሥት ስም ይከበራል፣ ባላገር አይደፍረውም የሚል ነው። ይህም ሩቅ አይሄድም። ዘውዲቱና መነን ንግሥታት ነበሩ፤ ስማቸው ግን ወርዶ ከሕዝብ ጋር ይኖራል።

ሦስተኛው ከላይ የጠቀስኩት የሰዋስው ጉዳይ ነው፤ ይህን እቀበለዋለሁ። ተዋበች የሚለው ስም ዛሬም እንደተፈጠረ ቀን ይናገራል፤ ማንም ሰው ይገባዋል። ምንትዋብ ግን «አለች» የምትለዋን ጭራ ከለመደው ጆሯችን ወዲያ ቀረች። ካርድ አውጪዋ ልጅ አማርኛ አፍ የፈታች ናት፤ ሆኖም ስሙን ለሁለት እስክትከፍለው ድረስ ትርጉሙ ተዘግቶባት ነበር። ትርጉሙን ጆሮ ያልያዘለት ስም ከአያት ወደ የልጅ ልጅ ሲሻገር ይከብዳል። አጻጻፉም የዚሁ ችግር ነው፤ አንዱ ምንተዋብ፣ ሌላው ምንትዋብ ብሎ ይጽፋል፤ «ተ» ስትገባ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል።

ነገር ግን ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ አራተኛው ምክንያት ነው፤ ስለ ሴቶች ስም ሲወራ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በእኛ ሥርዓት የወንድ ስም ሦስት ትውልድ ይኖራል። ሰውየው ራሱ ይጠራበታል፣ ልጆቹ የአባት ስም ያደርጉታል፣ የልጅ ልጆቹ የአያት ስም ያደርጉታል። ስሙ ምንም ያህል ብርቅ ቢሆን መታወቂያና ፓስፖርት ላይ ስድሳ ሰባ ዓመት ተጨማሪ ዕድሜ አለው፤ ያየው ሰው ወዶት ለልጁ ሊያወጣው ይችላል። የሴት ስም ይህ መንገድ የለውም። የልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ «የእናት ስም» የምትል አንዲት መስመር አለችው፤ ከዚያ ወዲያ ያበቃለታል። በሕይወት እያለችም ቢሆን ስሟ ይሸፈናል፤ የመጀመሪያ ልጇ ሲወለድ «የእገሌ እናት» ትሆናለች። ጤና ጣቢያ ያገኘኋቸው እናትም ሰፈር ውስጥ በበኩር ልጃቸው ነው የሚጠሩት። «ስሜን የሚያውቀው ካርድ ክፍሉ ነው» አሉኝ፤ ቅሬታ አልነበረበትም አነጋገራቸው፣ እኔን ግን ከፋኝ።

ሁለት የቋራ ልጆችን እናነጻጽር። አንደኛው በዓለም ስሙ ካሣ፣ በፈረስ ስሙ አባ ታጠቅ፣ በመንግሥት ስሙ ቴዎድሮስ ተባለ። ሦስቱም ዛሬ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ይሰማሉ፤ ካሣ አለ፣ ታጠቅ አለ፣ ቴዎድሮስማ ሞልቷል። ከእሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድማ የነገሠችውም ቋሬ ሦስት ስም ነበራት፤ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ምንትዋብ፣ ብርሃን ሞገሳ። የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ውስጥ ቀረ፣ የመጨረሻው መጽሐፍ ውስጥ ቀረ፣ መካከለኛው ግንብ ላይ። ቴዎድሮስ እጅግ የወደዷት የመጀመሪያ ባለቤታቸው ስም ተዋበች መሆኑን ሳስብ ደግሞ ይገርመኛል። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ስሞች፣ ሁለቱም በጎንደር ምድር የተጠሩ፤ አንዷ ወደ ሕዝብ ወረደች፣ ሌላዋ ተራራ ላይ ቀረች።

ለሴት ስም የቀረው መሻገሪያ አንድ ነው፤ እንደገና ለሌላ ሴት ልጅ መውጣት። ያ መሻገሪያ ደግሞ ባለፉት ሃምሳ ስድሳ ዓመታት በሌላ ስም ተሞልቶ ቆይቷል። መጀመሪያ ሰላም፣ ሕይወት፣ ትዕግሥት፣ ሄለን መጡ፤ ኋላም ቤተልሔም፣ ናርዶስ፣ ሶልያና፣ አርሴማ። አንዳቸውንም አልነቅፍም፤ ስም እንደ ቀሚስ የዘመኑን ልክ ይይዛል። የማዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። አዲሶቹ ስሞች ብዙዎቹ አንድ ቃል ናቸው፣ ዓረፍተ ነገር አይደሉም። አማርኛ ልጅ ሲወለድ መናገር ይወድ ነበር፤ አሁን መሰየም ብቻ ነው የያዘው።

ከአገር ውጪ ያለው ነገር የተለየ መንገድ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከቋራ ወደ እስራኤል የገቡትም ሆኑ ከእነሱ በፊት የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ እዚያ ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸዋል፤ የአማርኛ ስማቸው በቤት ውስጥ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በአሜሪካ ደግሞ የላቲን ፊደል አለ። ይህ ስም በዚያ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ አስተማሪም ሐኪምም እንደመሰለው ያነበዋል። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የአሜሪካ መዝገብ በአንድ ዓመት ከ5 ልጆች በታች የወጣ ስም ስለማይዘረዘር፣ አንዲት ምንትዋብ ሲያትል ወይም ዋሽንግተን ብትወለድ ዝርዝሩ ላይ አትታይም። ሆኖም ከታሪክ ስም የሚሹ ወላጆችን እዚያ ማግኘት አያስቸግርም። ማክዳን ያወጣሉ፣ ጣይቱን ያወጣሉ። ማክዳ ለባዕድ አፍ ትቀልላለች። ጣይቱ ዓድዋን ይዛ ትመጣለች። ምንትዋብ ከሁለቱም ትከብዳለች፤ ለልጅቷ ሁልጊዜ የምታስረዳው ነገር ይተርፋታል። እኔ ግን ይህን እንደ ሸክም አላየውም። ስሟን በጠየቋት ቁጥር «ምንኛ ውብ ናት ማለት ነው» እያለች የምታድግ ልጅ፣ የተወለደች ቀን በእናቷ ቤት የተባለውን በየጊዜው ትደግመዋለች።

ስሙን ለልጃቸው ሊያወጡ ለሚያስቡ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ት»ን በሳድስ ይጻፉት፤ ቀበሌ ሲመዘገብም መዝጋቢው «ተ» እንዳያደርገው ቆመው ይዩ። ሲጠሩት «ምን» ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ። ለማቆላመጥ «ምንቴ» ቢሏትም ያምርባታል፤ ሙሉውን ስም ግን ቢያንስ በቀን አንዴ ይጥሩት።

የዚያን ቀን ጠዋት ነርሷ ካርዱን ይዛ ከክፍሉ በር ላይ ወጣች። ካርድ አውጪዋ ስሙን አስተካክላ ሳትነግራት አልቀረችም፤ አልተደናቀፈችም። «ምን ትዋብ!» አለች ጮክ ብላ። ሰልፈኛው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ የተባለችውን ለማየት ዘወር አለ።

«አቤት» አሉ እናቲቱ፤ ከዘራቸውንም አነሡ።